ለፌቭር የሚባለው ስሜ

ባለፈው ማክሰኞ፣ እዚሁ ሜልበርን፣ ታርኔት ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ቁጭ ብዬ የግፊት ክኒኔን ስጠብቅ፣ ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ልጅ «ሚስስ ለፌቭር» ብላ ተጣራች። ጉልበቴን ደግፌ ብድግ ስል፣ ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠች አንዲት ፈረንጅም ብድግ አለች። ሁለታችንም ባንኮኒው ጋ ስንደርስ ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየች ግራ ተጋባች። ኋላ ሲታይ የሴትዮዋ ስም መሐሉ ላይ የማይነበብ አንድ ፊደል አለበት፣ የኔ የለበትም። «ዘመዳሞች ሳንሆን አንቀርም» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁላት። መድኃኒቴን ይዤ ስወጣ ግን ወደ ኋላ ሳላይ በጥድፊያ ነበር። ነገሩ ካለፈ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። የምፈራውም ነገር ከተፈታ ቆይቷል። ሰውነቴ ግን ወሬውን አልሰማም፤ ያ ስም ጮክ ተብሎ በተጠራ ቁጥር መውጫ በር ይፈልጋል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ፉትስክሬይ ነበር፤ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና ልጄ ሰሚራ ብቻ። በመስኮቱ የያራቪል የወደብ ክሬኖች ይታያሉ፤ ጠዋት ጭጋግ ሲሆን አንገታቸው ብቻ ከላይ ይቀራል። ዛሬ ያን ሰፈር ሳልፍበት አላውቀውም፤ እኛ ድንች የምንገዛበት ጥግ ላይ ወጣቶች ሻይ በሰባት ዶላር ይጠጣሉ። ያኔ ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው ሊዘጋ ሲል ቬትናሞቹ «ዋን ዶላር፣ ዋን ዶላር» እያሉ ቲማቲሙን በካርቶን ይሰጡን ነበር። አንድ ካርቶን ለሁለት እንካፈላለን፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የላላውን ለወጥ፣ ጠንካራውን ለሰላጣ እንለያለን። አገር ቤት የሚደወልበት ካርድ አሥር ዶላር ነበር። በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን ስናስገባ አንዲት የማናውቃት ሴት «አርባ ደቂቃ አለዎት» ትለናለች፤ ሃያውን ሳንጨርስ ይቆረጣል። ሴቶቹ ልጆች እግሩ የሰፋ ጂንስ ይለብሱ ነበር፤ በዝናብ ቀን ጫፉ እስከ ጉልበት ውሃ ይጠጣል። እኛ እናቶቻቸው ኦፕ ሾፕ ከሚሉት የልባሽ ጨርቅ መሸጫ በአራት ዶላር የገዛነውን ጥቁር ጃኬት ከሻሻችን በታች እንደርባለን፤ ከሩቅ ሲያዩን አንድ ሰው አሥር ቦታ የቆመ እንመስላለን። የሠርግ ቪዲዮ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዳንደኖንግ የተደገሰ ሠርግ በሳምንቱ እኛ ፎቅ ይታያል፤ ዘፈኑን ልጆቹ ሳይቀሩ በቃላቸው ይይዙታል፤ ካሴቱ ደጋግሞ ከመባዛቱ የተነሣ የሙሽራዋ ፊት ይንቀጠቀጣል።

እኔ ያኔ ያራቪል የሐኪም ቤት አንሶላ የሚታጠብበት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሺፍቴ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። አለቃችን ስም እየጠራ በየሥራ ቦታችን ሲደለድለን፣ «ሊፊቨር» ሲል፣ ሌላው ሰው «አለሁ» የሚለውን እኔ «ያዙኝ» እንደ ማለት ነበር የምለው።

ስሙ እንዴት እኔ ላይ እንደ መጣ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው፤ ዘይነባ ይመር ነኝ። ከባለቤቴ ከኢብራሂም ጋር ጂቡቲ የገባነው አገሩ በታመሰበት ጊዜ ነው። እሱ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል፤ እኔ ማዳም ለፌቭር ከምትባል ፈረንሳዊት አስተማሪ ቤት እሠራለሁ። የማዕድ ቤት ፈረንሳይኛዬን የተማርኩት ከሷ ነው። ሰሚራን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ኢብራሂም «ሦስት ወር ብቻ» ብሎ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ጀልባዋ ሰጠመች የሚሉ ነበሩ፤ አይ፣ ደርሰው ታስረዋል የሚሉም ነበሩ።

ምጤ ሲመጣ ማዳም በመኪናዋ ሐኪም ቤት አድርሳኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ጸሐፊው በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ምጡ እያጣደፈኝ፣ የማን ቤት ሠራተኛ ነሽ ያለኝ መሰለኝና «የማዳም ለፌቭር» አልኩት። እሱም ጻፈ። ልጄ በወረቀት ላይ ሰሚራ ለፌቭር ተብላ ተወለደች፤ እኔም በዚያው ወረቀት ዘይነባ ለፌቭር ሆንኩ። ማዳም ስታየው ከት ብላ ሳቀች። «እናስተካክለዋለን» አለች። ሳናስተካክለው ወደ አገሯ ተጠርታ ሄደች። የስደተኛ መታወቂያ ሲሰጥ ያለኝ ወረቀት ያ ብቻ ነበርና በዚያው ተመዘገብኩ።

እስከዚህ ድረስ የጸሐፊ ስሕተት ነው። የኔ ጥፋት ከዚህ በኋላ ነው። ለአውስትራልያ ቃለ መጠይቅ በቀረብኩ ቀን ሰሚራን አዝያለሁ፤ ውጭ ፀሐይ ላይ የተሰለፈው ሰው መጨረሻው አይታይም። ወረቀቱ ላይ እንከን ያለበት ፋይሉ ተዘግቶ ወደ ካምፕ ይመለሳል ተብሎ ተወርቷል። አስተርጓሚው «ለፌቭር የባልሽ ስም ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ባልሽ የት አለ?»

«ሞቷል።»

ሁለት ቃል ናቸው። በሁለቱ ቃል ኢብራሂምን ስሙንም ነፍሱንም ወሰድኩበት። ሰሚራ አፏን ስትፈታ ደግሞ ለሷም ያንኑ ነገርኳት፤ አባትሽ ለፌቭር የሚባል የጂቡቲ ሰው ነበር፣ ሞቷል። ልጅ ነች፣ ትምህርት ቤት አንድ ቀን እውነቱን ታወራለች ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። ውሸት ስትነግሪው የኖርሽውን ልጅ በኋላ እውነት መንገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ሜልበርን ገብተን ዜግነት ካገኘን በኋላ ፍርሃቱ ይቀንሳል ብዬ ነበር። ባሰበት። ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን በጀልባ ስለሚገቡ ስደተኞች የሚያወራበት ዘመን ነበር፤ ማን በሐሰት ገባ፣ ማን ይመለስ። የአንዲት ሴት ወሬም ነበር፤ በሌላ ሰው ስም መግባቷ ታውቆ ዜግነቷ ተነጠቀ ይባል ነበር። የት ሰፈር እንደሆነች፣ ማን እንደምትባል የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ፊቷን ሁሉ አውቀው ነበር፤ የኔን ፊት ነበር የምትመስለኝ። ያኔ የመንግሥት ደብዳቤ የሚመጣው አድራሻው በላስቲክ መስኮት በሚታይበት ፖስታ ነው። የፖስታ ሣጥኑን ስከፍት መስኮቱን ካየሁ እዚያው ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። የኪራይ ወረቀት ሆኖ ሲገኝ ተነሥቼ እወጣለሁ። ሰሚራ በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» ብላ እንዳትጮኽ አስተምሬያት ነበር። መጀመሪያ በቀዳዳው ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። ልጅ በእንዲህ ያለ ቤት ሲያድግ ምን እንደሚይዝ ዛሬ ገብቶኛል። አሁንም ትልቅ ሴት ሆና፣ የራሷ ቤት ኖሯት፣ በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ እኔን ነው የምታየው።

ሰሚራ አሥራ አራት ዓመት በሞላት ዓመት፣ ነፋሱ አጥንት በሚሰብርበት ነሐሴ ላይ፣ መስኮት የሌለው ወፍራም ፖስታ መጣልኝ። አድራሻው በእጅ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ፣ እንደ ማዳም ጽሕፈት። ገልበጥ ሳደርገው የላኪው ስም ተጽፏል። እንግሊዝኛ ማንበብ ብዙም አልችልም፣ ያን ስም ግን በየትኛውም ጨለማ ለይቼ አነበዋለሁ። ለፌቭር ይላል።

የመንግሥት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የስሙ ባለቤቶች መጡ አልኩ። የማዳም ወንድም፣ ወይም ባል፣ «ይህች ሴት ስማችንን ከየት አመጣችው?» ብሎ ሊጠይቅ። ሳልከፍተው ከፍራሼ ሥር አስገባሁት። አራት ቀን በላዩ ተኛሁበት፤ መተኛት ከተባለ።

በአምስተኛው ቀን ከሥራ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ የቤት ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት። የሽማግሌ ወንድ ድምፅ፣ በፈረንሳይኛ፣ «ማዳም ለፌቭር?» አለኝ። ከጂቡቲ ከወጣሁ ወዲህ በዚያ ቋንቋ የጠራኝ የለም። «ደብዳቤዬ ደርሶዎት እንደሆነ…» ሲል ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያም ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው የሞተ ነገር የያዝኩ መሰለኝ።

ሰሚራ ከትምህርት ቤት መጥታ «ስልኩ ምን ሆነ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ያኔ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፤ እንደዚያ ነበር የምንግባባው።

«ተበላሽቷል።»

«ተነቅሎ እኮ ነው።»

«ተበላሽቷል አልኩሽ።»

በማግሥቱም በሠልስቱም ትምህርት ቤት አልላክኋትም፤ ጉንፋን ይዟታል ብዬ። እኔም ሥራ ቀረሁ። ትንሿን ሻንጣ አውርጄ ልብሶቻችንን ማጠፍ ጀመርኩ። አገሩ ሌላ ጫፍ፣ ፐርዝ፣ አንዲት የወሎ ሴት አውቃለሁ፤ የአውቶቡስ ትኬት ቡክ ላድርግ፣ ልጄን ይዤ ልጥፋ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አስባለሁ። ፐርዝም ብሄድ የምሰጠው መታወቂያ ያው ነው። ስሙን ይዤ ከስሙ የት እሸሻለሁ? ሰሚራ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሻንጣውን ታያለች፤ አትጠይቀኝም።

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት፣ ጋሼ ታደሰ ይኖሩ ነበር። ጴንጤ ናቸው፤ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ኖረዋል። ባለቤታቸው ሞታ ብቻቸውን ናቸው። የፎቁን ሰው ሁሉ ደብዳቤ፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም፣ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ። ፖስታውን ይዤ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ይችን ያንብቡልኝ። ግን ያነበቡት ነገር…»

«ዘይኑ፣ እኔ የሰው ደብዳቤ ማንበብ የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው» አሉኝ። «ተቀመጪ።»

ፖስታውን በቢላ ቀደው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። እኔ ፊታቸውን ነው የማነበው። አንዴ ቅንድባቸው ከፍ አለ።

«ከመንግሥት አይደለም። ዳንደኖንግ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ይህን ስም የያዘ ሰው ሁሉ እየፈለገ ይመዘግባል፤ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከየት እንደ መጣ ያጠናል። ልጅሽ ሰሚራ ለትምህርት ቤት ሥራዋ ጽፋልኝ ነበር ይላል። ቅዳሜ ምሳ ጋብዟችኋል። አንድ ጥያቄ አለኝ ይላል መጨረሻው ላይ።»

«ሰሚራ?»

«ሰሚራ ይላል።»

ደረጃውን እንዴት እንደ ወጣሁት አላውቅም። ሰሚራ አልጋዋ ላይ ነበረች። አንዲት ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። መምህራቸው የቤተሰባችሁን ስም ምንጭ፣ ትርጉም፣ ዛሬ ምን ያህል ሰው እንደሚጠራበት አጥንታችሁ አምጡ ብላቸዋለች። ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ላይ የሰውዬውን አድራሻ አግኝታ ነው የጻፈችለት።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

አሁን በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ሲከፋት አማርኛዋ ይመጣ ነበር። «ስለ አባቴ ስጠይቅሽ ሁሌ ሥራ አለብኝ ትያለሽ። ማንን ልጠይቅ?»

ተመልሼ ጋሼ ታደሰ ጋ ወረድኩ። በሩን ክፍት አድርገው ይጠብቁኝ ነበር። «ምን እንደምትፈሪ አልጠይቅሽም» አሉኝ። «ሰውዬው ግን ስልክሽንም ቤትሽንም ያውቃል። ካልሄድሽ ይመጣል። ሰው ቤትሽ መጥቶ ከሚጠይቅሽ ሄደሽ ብትነግሪው አይሻልም?»

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ሄድን። የወረቀት ትኬታችንን በጡጫዬ ጨብጬ በላብ አረጠብኩት። ተቆጣጣሪዎቹ ሲገቡ ትኬት እያለኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሰሚራ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ደስ ብሏታል። ደስታዋን ሳይ ወርደን እንመለስ ልላት አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል።

ቤቱ ቀይ ጡብ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቃሪያ በየጣሳው ተተክሏል። በሩ ሲከፈት አንድ ነጭ ፈረንጅ ነበር የጠበቅሁት። የከፈተልን ግን ከኔም የጠቆረ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። መርካቶ ባገኘው አማርኛ የማናግረው ሰው።

«ለፌቭር እባላለሁ» አለን። «እናንተም ለፌቭር ናችሁ። ግቡ።»

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ የፈረንሳይ ካርታ አለ፤ ሰሜኑ በመርፌ ተሞልቷል፣ ደቡቡ ሳሳ ያለ ነው። ሰውዬው ከሞሪሸስ ነው የመጣው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዳንደኖንግ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው ይኸው ሆነ። ሰሚራን አጠገቡ አስቀምጦ በእንግሊዝኛ ያስረዳታል፤ አልፎ አልፎ ወደኔ ዞሮ በፈረንሳይኛ ይደግምልኛል። ስሙ ጥንት ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ስለነበር በየመንደሩ አንድ ለፌቭር ነበር፤ ለዚህ ነው ዛሬ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሪ የሚመታው ለፌቭር ነው የሚባለው። ደቡብ ስትወርጂ ያው ሰው ፋብር ይሆናል፣ ፎር ይሆናል። አንዳንዶቹ መሐሉ ላይ የማይነበብ «ቢ» አላቸው፤ የድሮ ጸሐፊዎች ላቲን ማወቃቸውን ለማሳየት የጨመሩት ነው አለ። ከዚያ የሜልበርንን የስልክ ማውጫ አወጣ። ለፌቭሮቹ የአንድ ገጽ ጥግ እንኳ አይሞሉም። ቀጥሎ ስሚዝ የሚለውን ገለጠላት፤ ገጽ በገጽ ላይ፣ ማለቂያ የለውም። «ይኸም ቀጥቃጭ ማለት ነው» አላት። «አንድ ሰው ናቸው፤ ቋንቋ ነው የለያቸው።»

«በአማርኛስ?» አለችኝ ሰሚራ፣ እርሳሷን ይዛ።

ነገርኳት። እናቴ በኛ አገር ቀጥቃጭ በደጃችን ሲያልፍ ዓይኑ እንዳይበላን ምግባችንን በነጠላዋ ትሸፍንብን እንደነበር ግን አልነገርኳትም። ያን የምንሸሸውን ስም አሥራ አራት ዓመት ተሸክሜው መኖሬን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ስለ እናቴ ነጠላ አፈርኩ።

«እርስዎስ ስሙን ከየት አገኙት?» አለችው ሰሚራ።

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «የአገዳ እርሻ ከነበረው ነጭ ሰውዬ። ልጆቹ አይደለንም። ንብረቱ ነበርን። ነፃ ስንወጣ ስም አስፈለገን፤ ጸሐፊው የማን ናችሁ ሲል የሱን ነገሩት።» እንደ አየር ሁኔታ ነበር የነገረን። ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ በፈረንሳይኛ፣ «ጥያቄዬ ይህ ነበር፤ እናንተስ በየትኛው በኩል መጣችሁ?» አለኝ።

አዘጋጅቼ የመጣሁት ውሸት ነበረኝ፤ በባቡሩ ስደግመው ነው የመጣሁት። ሰውዬውን አየሁት። በፈረንሳይኛ፣ በዚያች በማዕድ ቤት ፈረንሳይኛዬ፣ «የባሌ ስም አይደለም። የአሠሪዬ ነው። ጸሐፊው ተሳስቶ ነው፤ እኔም ዋሸሁ» አልኩት። ይህን ለሰው ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሰማዩ የሚወድቅ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

እሱ ማስታወሻውን ዘጋው። «ልጅቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው በቋንቋችሁ ንገሪያት» አለና ተነሥቶ ሻይ ሊያፈላ ገባ።

ሰሚራ «ምን አለሽ?» ትለኛለች። ነገርኳት። ስለ ጀልባዋ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ስለ ሁለቱ ቃላት። «አባትሽ ኢብራሂም ይባላል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ይሙት ይኑር አላውቅም።» ስጨርስ ደብተሯን አጠፈችና ወደ ጓሮ ወጣች። በመስኮቱ አያታለሁ፤ ሽቦ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሽማግሌው ሦስት ኩባያ ይዞ መጣ፤ አንዱን ፊቴ አስቀመጠልኝ። ከዚያ፣ «ጸሐፊው ስሚዝ ብሎሽ ቢሆን ኖሮ ተደብቀሽ ትቀሪ ነበር» አለኝ። ሳቅ አፍኖኝ አለቀስኩ።

ስንመለስ ሰሚራ ባቡሩ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ለወራት በእንግሊዝኛም በአማርኛም አታናግረኝም ነበር፤ የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛ ላይ ትተዋለች። የትምህርት ቤት ሥራዋን ግን ጨረሰች። ስለ ቀጥቃጩ፣ ስለ ስሚዝ፣ ስለ ሞሪሸሱ ሰውዬ ሁሉ ጽፋለች። መጨረሻው ላይ «እኛ ስሙን ያገኘነው በስሕተት ነው» ብላ እንደጻፈች ጋሼ ታደሰ አንብበው ነገሩኝ። ልጄ ክፍሉ ፊት ቆማ ያን ስታነብ እኔ ፋብሪካው ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር።

አሁን የተጻፈ ነገር ሆነ። ሌላ ሰው ከሚነግርብኝ ራሴ ልናገር ብዬ ለጋሼ ታደሰ ነገርኳቸው፤ በነፃ የምትሠራ ጠበቃ ጋ ወሰዱኝ። ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚላከውን ቃሌን ሁሉ ሰጥቼ ፈረምኩ። መልስ እስኪመጣ ሰባት ወር ፈጀ። ስለዚያ ሰባት ወር ብዙ አላወራም። ክብደቴ ወረደ፤ ፀጉሬ ከፊት ለፊት ሳሳ። ሻንጣዋ ወደ ቁም ሣጥኑ አልተመለሰችም፤ አልጋዬ አጠገብ ነበረች። አንድ ቀን ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮት ያለውን ፖስታ ይዛ ወጣች። ለኔ ሳትሰጠኝ ራሷ ቀደደችው። ቆማ አነበበችና፣ «የሰጡትን ቃል መዝግበነዋል፤ ሌላ የምንወስደው እርምጃ የለም ይላል» አለችኝ በአማርኛ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ፤ በወራት ውስጥ የመጀመሪያችን ነው።

ጠበቃዋ ያኔ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ባልሽን ፈልገሽ ታውቂያለሽ?» አላውቅም። የሞተ ሰው እንዴት ይፈለጋል? በአንደበቴ የገደልኩትን ብጠይቅ ውሸቴ ይወጣል ብዬ ነው የኖርኩት። የጠፋ ቤተሰብ የሚያፈላልግ ቢሮ ሄደን ሰሚራ ቅጹን ሞላችው፤ ኢብራሂም፣ ኮምቦልቻ፣ የመን። እኔንም በእውነተኛ ስሜ ጻፈችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ቢሮው ጠራን፤ እዚያ የምትሠራ ሴት አንድ ፋይል ይዛ ወጣች። አዲስ አልነበረም፤ ጥጎቹ ያረጁ ነበሩ። ኢብራሂም የሚባል ሰው ዘይነባ ይመር የምትባል ሚስቱን ሲፈልግ ኖሯል። መጀመሪያ ጂቡቲ ጠይቋል፤ ቀጥሎ ሰዎች ወደ አውስትራልያ ሄደዋል ሲባል ሰምቶ እዚህ ድረስ አስጠይቋል፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። በሦስቱም ጊዜ በዚህ ስም የተመዘገበች ሰው የለችም የሚል መልስ ተሰጥቶታል። ሴትዮዋ ይህን በቀስታ ስታነብልን፣ ሰሚራ እጄን ይዛ ነበር። የፈራሁት ሁሉ የመጣ መሰለኝ፤ የፈራሁት ግን መንግሥትን ነበር፤ ይህን ለመፍራት አስቤ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር። ሰሚራ ካርዱን ፍቃ ፋይሉ ላይ ወደነበረው የአገር ቤት ቁጥር ደወለች። ቀድማ ያነሣችው ሴት ነች፤ ከኔ በኋላ ያገባት ሚስቱ። ማን እንደሆንን ስንነግራት «እሱን ልጥራው» አለች፤ አልተቆጣችም። የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲያልፍ ሰማሁ። እሱ ስልኩን ያዘው።

«ማን ልበል?»

«ዘይነባ ነኝ። ዘይነባ ይመር።»

የካርዱ ደቂቃ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

«ደርሰን ታሰርን» አለ። «ስመለስ ሄደሻል። ስንት ጊዜ ጠየቅሁ። እንዲህ የምትባል ሰው እዚያ የለችም አሉኝ።»

«ነበርኩ» አልኩት፤ ስልኩንም ለሰሚራ ሰጠኋት።